ጠመንጃው አልጎርስም ያለ ጊዜ

የአባቴ ጠመንጃ አልጎርስም ማለቱን የሰማሁት ከሚኒባስ ረዳት ነው። ዳባት ገበያ ዳር ከነበረችው ጠባብ የስፌት ክፍሌ በር ላይ ቆሜ ክር ስቆርጥ፣ ከደባርቅ የመጣው መኪና ገና ሳይቆም ረዳቱ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «እታለም፣ የአባትሽ ጠመንጃ ጾም ያዘ አሉ!» ብሎ ጮኸ። ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳልወድ ሳቅሁ፤ ወዲያው ግን ደሜ ፈላ። ክፍሌን ቆልፌ ወደ ደባርቅ የሚወጣ መኪና እስኪገኝ ድረስ መንገድ ዳር ስንቆራጠጥ ቆየሁ። መጠበቅ አልችልበትም። እናቴ «አንችስ መርፌ ላይ ነው የወለድሁሽ» ትለኝ ነበር፤ እንጀራዬ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ መስፋት ሆነ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቴ በየዓመቱ በጥምቀት ታቦቱ ወደ ደብሩ ሲመለስ ሦስት ጊዜ ይተኩሳሉ። ጠመንጃው የአደን ነው። ተራራው ላይ ማደን ሳይከለከል በፊት፣ በወጣትነታቸው መንገድ ይመሩት የነበረ አንድ ፈረንጅ አገሩ ሲመለስ ትቶላቸው ሄደ። እንደ ሌላው ሰው ምንሽር በየጥይቱ እጅ አይፈልግም። ሲተኮስ አፈሙዙ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ በዚያው ጉልበት ባዶውን ቀለህ ወደ ጎን ተፍቶ ቀጣዩን ጥይት ከሆዱ ስቦ ይጎርሳል። ሌላው አንድ ተኩሶ እስኪያቀባብል አባቴ ሦስቱን ጨርሰው ጢማቸውን ይጠርጋሉ። ስለዚህ አገሩ ጠመንጃውን «ራሱ ጎራሽ» ይለዋል፤ አባቴንም በስማቸው የሚጠራቸው የለም፣ «ባለ ራሱ ጎራሹ» ናቸው። መንግሥት ተለዋወጠ፣ ስንቱ ጠመንጃ ተደበቀ፣ ስንቱ ተገፈፈ፣ ይህ ግን ለጦር የማይሆን የወፍ ጠመንጃ ነው እየተባለ ከምሰሶአችን ላይ ሳይወርድ ኖረ።

በዚያ ጥምቀት ግን አንዱን ተኩሶ ሁለተኛውን ነከሰ። ጥይቱ ግማሹ ውስጥ፣ ግማሹ ውጭ ሆኖ ቀረ። አባቴ በጣታቸው ጎልጉለው አወጡና እንደገና ሞከሩ፤ እንደገና ነከሰ። ከዚያ በኋላ ጠመንጃውን ጋቢያቸው ውስጥ ከተው፣ ማንንም ሳያናግሩ፣ ታቦቱን እንኳ ሳይሸኙ ወደ ቤት ገቡ አሉ።

ቤት ስደርስ የአባቴ እኅት፣ አክስቴ፣ መደቡ ላይ ተቀምጠው ፍርዱን ጨርሰውት ነበር። «ጠመንጃ ሴት ከተሻገረችው አይጎርስም» ይላሉ። «የፈት እግር ደግሞ ይከብዳል። ለገና መጥታ መሬት ላይ ተጋድሞ ሳለ ስትሻገረው በዓይኔ በብረቱ አይቻታለሁ።»

መሻገሩንስ ተሻግሬዋለሁ። አባቴ ሲወለውሉ ቆይተው እዚያው አጋድመውት ሸለብ አድርጓቸዋል፤ ቤቱ ጠባብ ነው፤ በእጄ የሚንተከተክ ድስት ይዣለሁ። በላዩ ካላለፍሁ በጣራ ልሂድ? እንዲህ ብዬ መለስኩላቸው። አክስቴ አንገታቸውን ነቀነቁና «ባልሽም ይኸን ምላስሽን ነው የሸሸው» አሉኝ። ባሌን የፈታሁት እኔ ነኝ፤ ይህን አገር ያውቃል፤ ግን ያን ዕለት ማን ይስማኝ።

ይህ ብቻ ቢሆን እንደ ልማዴ ጮኼ እተወው ነበር። ዐቢይ ጾም ሳይገባ ታናሽ ወንድሜ ሊያገባ ነበር። በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግሁት ልጅ ነው። ሙሽራዋ በበቅሎ ደጃችን ስትደርስ አባቴ ሦስት ጊዜ ይተኩሳሉ፣ እኔ ደግሞ እኅቱ ነኝና እጇን ይዤ አስገባታለሁ፤ ወጉ ይኸው ነው። አክስቴ ግን «ያን ዕለት ጓዳ ትዋል፤ ሙሽራዋ ላይ እግሯ አይረፍ» አሉ። ወደ አባቴ ዞርኩ። አባቴ እሳቱን እያዩ ዝም አሉ። ያንገበገበኝ የአክስቴ ቃል አይደለም፣ የአባቴ ዝምታ ነው። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይኸ ነው ብዬ አለቀስኩ፤ ከዚያም እንባዬን ጠርጌ፣ ይህን ብረት ሳላስጎርሰው ብቀር ሴት አይደለሁም አልኩ።

ጠመንጃውን እንዳየው አባቴን ብለምናቸው «ሴት ልጅ ጠመንጃ ትፈታለች እንዴ?» ብለው ከለከሉኝ። በማግስቱ ተዝካር ተጠርተው ሲወጡ ጠብቄ ጠመንጃውን ወንድሜን ከምሰሶው አስወረድሁት። እሱ መጀመሪያ ሆዱን አራግፎ፣ ውስጡ አንድም ጥይት አለመቅረቱን በጣቱ ዳስሶ ሰጠኝ። እኔ የማውቀው የስፌት መኪና ነው፤ ግን የሚገፋ ብረት፣ የሚመልስ ሞላ፣ የሚያስተካክል ብሎን ያለበት ነገር ሁሉ የአንድ እናት ልጅ ነው። ገና ሆዱን ሳየው ሳቄ መጣ። ቅቤ! አባቴ በዓል በመጣ ቁጥር አናታቸውን ቅቤ ሲቀቡ ለጠመንጃው ያካፍሉታል። አባታቸው ጦራቸውን እንደዚያ ያደርጉ ነበር። የስንት ዓመት ቅቤ ከገለባና ከአቧራ ጋር ተጋግሮ ጥይት የሚገፋውን ብረት ዙሪያውን ይዞታል።

«ለዚህ ነዋ!» አለ ወንድሜ። «አባባ አምና አዲ አርቃይ ዘመድ ሠርግ ወርደው ሲተኩሱ ምንም አላለም። ቆላ ነዋ፣ ቅቤው ይቀልጣል። እዚህ በጥር ውርጭ ይረጋል።»

 በነጭ ጋዝ አጠብኩት፣ በአሮጌ ነጠላ ቁራጭ አደረቅሁት፣ ከዚያ ከዳባት ካስመጣሁት የስፌት መኪናዬ ዘይት ጠብታ ጠብታ ብቻ አደረግሁበት። ወንድሜ ከቤታችን ጀርባ ወዳለው ገደል ይዞት ሄዶ፣ ማንም የሌለበትን አቅጣጫ አይቶ ተኮሰ። ሦስቱንም ጎረሰ፤ እንደ እህል ወፍጮ። እኔ እልል አልኩ፤ ጎረቤት ምን ተወለደ ብሎ ወጣ።

አባቴ ከተዝካሩ ሲመለሱ ሁሉን ነገርኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ ነበር፤ አልተቆጡም። ጠመንጃውን ተቀብለው አገላብጠው አዩና፣ ሳይወዱ በግድ ዓይነት፣ ወደ ገደሉ ሄዱ። አንድ ተኮሱ። ሁለተኛው ነከሰ።

አክስቴ ከበር ላይ ሆነው «አላልኋችሁም?» አሉ።

ከዚያ በኋላ እኔ ሰው አልነበርኩም። ዳባት እወርዳለሁ፣ የጀመርኩትን ልብስ ሳልጨርስ ደባርቅ እወጣለሁ። አንዱን ሱሪ ሁለት ግራ እግር አድርጌ ቆርጬ ባለቤቱ ጉድ አፈላብኝ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለ፤ እኔ ያፈሰስኩትን ለመልቀምም ትዕግሥት አጣሁ። ሌሊት ሌሊት ዓይኔን ስጨፍን የሚታየኝ ያ የጥይት መግቢያ ነው።

ቀጥሎ ጥይቶቹን ጠረጠርኩ። ያረጁ ናቸው፤ ክረምት ክረምት ከጣራው የሚንጠባጠበው እርጥበት አንዳንዱን አሳብጦታል። አንድ በአንድ በጣቴ እያሻሸሁ ያበጠውን ለየሁ፣ ደህናውን በደረቅ ጨርቅ ጠረግሁ። ያም አልበቃኝ። ከአፈሙዙ ሥር ያለውን እንጨት አስፈትቼ አየሁ፤ ውስጡ አንድ ረጅም ሞላ አለ፣ ከጫፉ የናስ ቀለበት። አፈሙዙ ሲሸሽ የሚይዘውና መልሶ የሚገፋው እሱ ነው። ሞላው ላይ የነበረውን ዝገት በአመድ ፈግፍጌ አነሳሁ፤ ቀለበቱን አጥርቼ በነበረበት መለስኩ። ወንድሜ ተኮሰ፤ ጎረሰ። አባቴ ተኮሱ፤ ነከሰ። የነፍስ አባታችን መጥተው ጸበል ረጩበት፤ እኔ ዝገት እንዳይበላው ከኋላ ከኋላ እየተከተልኩ ጠረግሁ። አሁንም ለወንድሜ ጎረሰ፣ ለአባቴ ነከሰ።

«ያው ነዋ» አሉ አክስቴ። «እርግማኑ በጌታው ላይ ነው። ልጁ ምን አገባው?»

እውነቱን ለመናገር እኔም ማመን ጀምሬ ነበር። ዳባት ክፍሌ ውስጥ ስንጎራደድ እግሬን ዝቅ ብዬ አየዋለሁ። ተራ እግር ነው፤ ተረከዙ የተሰነጠቀ። ይህ እግር ነው ወይ ትዳሬንም፣ የአባቴንም ስም የሰበረው እያልኩ ራሴን እጠይቅ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ሰው ደጋግሞ ሲልብህ፣ ሐሰት መሆኑን እያወቅህ እንኳ ውስጥህ ይገባል።

ሠርጉ ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ዳባት አንዲት ጎረቤቴ የልጇን ልብስ ራሷ ልትሰፋ መኪናዬን ለመነችኝ። ገና ስትጀምር ክሩ ተተበተበ። ተነሽ ብዬ እኔ ተቀመጥኩ፤ መኪናዋ ምንም አላለችም። ተመልሳ ተቀመጠች፤ ተተበተበ። «ይች መኪናሽ እኔን ጠልታኛለች» አለች እየሳቀች። አንድ ነገር ልላት ጎንበስ ስል እግሯን አየሁ። ፔዳሉን የምትረግጠው ፈራ ተባ እያለች ነው፤ ግማሽ ትረግጥና ትለቃለች። ክሩ የሚተበተበው ለዚያ ነው። መኪናዋ ምንም አልሆነችም።

 ከዚያ ለጎረቤቴ ቁልፉን ሰጥቼ፣ ስትጨርሽ ቆልፊው ብዬ ወደ ደባርቅ ወጣሁ።

እስከዚያ ቀን ድረስ አባቴ ሲተኩሱ እኔ የማየው ጠመንጃውን ነበር። ያን ዕለት አባቴን አየሁ። አንድ ጊዜ ብቻ ይሞክሩልኝ ብዬ ለመንኳቸውና በጎናቸው ቆምኩ። ሰደፉን ወደ ቀኝ ትከሻቸው ሲያመጡ ክንዳቸው ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ፤ አንገታቸውን አዘንብለው ወደ ሰደፉ ወረዱለት እንጂ ሰደፉ ወደ እሳቸው አልወጣም። ቃታውን ከመሳባቸው በፊት ፊታቸው ተኮማተረ። ሲተኮስ ትከሻቸው እንደ ባዶ ጆንያ አብሮ ወደ ኋላ ሄደ። ጠመንጃው የሚሸሽበትን ጉልበት የሚያገኘው የሚደገፈው ነገር ቀጥ ሲልለት ነው። የወንድሜ ትከሻ ግንብ ነው። የአባቴ ግን አብሮ ሸሸ፤ አፈሙዙ መንገዱን ሳይጨርስ ተመለሰ፤ ጥይቱ ተነከሰ። አባቴ ጠመንጃውን ወደ ግራ እጃቸው አዛውረው፣ ቀኙን ጋቢያቸው ውስጥ ደበቁት።

 ወደ እናቴ ሮጬ ገባሁ። ዳስ ለሚጥሉት ሰዎች ጠላ ትጠምቅ ነበር፤ ለብቻዋ ናት።

«የአባባ ትከሻ ምን ሆኖ ነው?» አልኳት።

እጇን ከጋኑ አላወጣችም። «ከመስከረም ወዲህ ኮታቸውን የማለብሳቸው እኔ ነኝ» አለች። «ክንዳቸው አይነሳም። ጐንደር ሐኪም ቤት እንሂድ ብላቸው እንቢ አሉ። ትከሻቸው ይከሳል፤ በየቀኑ ይከሳል።»

«ታውቂ ነበር? ጓዳ ትዋል ሲባልብኝ ቁጭ ብለሽ ሰማሽ?» ጮህኩባት። በእናቴ ላይ እንዲያ ጮኼ አላውቅም። ድስት የሚሰብር ንዴት ነበር፤ ከንዴቱ ሥር ግን ፍርሃት ነበር፤ የፈራሁት ምን እንደሆነም አውቄዋለሁ።

እናቴ እጇን ጠረገችና ዓይን ዓይኔን አየችኝ። «ያንች ስም ይመለሳል ልጄ» አለች። «ነገ ሌላ ወሬ ሲመጣ ይመለሳል። የእሳቸው ትከሻ ግን አይመለስም።»

አሁን መዳኛዬ በእጄ ነበር። ወጥቼ አክስቴ ፊት ሁለት ቃል ብናገር ጓዳ ከመዋል እወጣለሁ። ግቢውን አሥር ጊዜ ዞርኩ። ዳስ የሚጥሉት ሰዎች ምን ጠፋብሽ አሉኝ። በመጨረሻ ያገኘሁት መላ ይህ ነበር፤ አባቴን በአጥሩ ጥግ ብቻቸውን አገኘኋቸውና ቀስ ብዬ «አባባ፣ ጠመንጃው ደህና ነው። የሚደገፈው ብቻ ነው የሚፈልገው። የሠርጉ ለት ግድግዳውን ተደግፈው ይተኩሱ፤ ማንም ልብ አይል» አልኳቸው።

ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ ጎተቱ። «ማን ነገረሽ?»

«ማንም አልነገረኝ። አየሁ።»

«እናትሽ ናት።»

«ዓይኔ ነው አባባ።»

«ግድግዳ የተደገፈ ሰው ይተኩሳል?» አሉ። «ሊረሸን የቆመ እንጂ።» ተነስተው ሄዱ። እኔም ሆድ ይፍጀው ብዬ ተውኩት። ለማንም አልተናገርኩም። ቅድስት ስለሆንኩ አይደለም፤ ብናገር አባቴ ከዚያ በኋላ በሕዝብ መሀል ቆመው እንደማይሄዱ ስላወቅሁ ነው። እየተንገበገብኩ ነው ዝም ያልሁት።

የሠርጉ ዕለት ጓዳ ዋልኩ። አክስቴ በሩ ላይ ተቀምጠው ጠበቁኝ ማለት ይቻላል። ጓዳው አራት እርምጃ አይሞላም፤ በጋኖቹ መሀል ወዲያ ወዲህ ስል አንዱን ገፍቼ አፉን ሰነጠቅሁት። ከሰዓት በኋላ ከሩቅ ከበሮ ተሰማ፤ ከዚያ እልልታ። በቅሎዋ ደጅ ደረሰች። ያን ጊዜ ነበር መተኮስ የነበረበት። እልልታው ቀነሰ። ከበሮውም ላላ። ሰው መንሾካሾክ ጀመረ። ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ለጥፌ፣ ይተኩሱ እንጂ አባባ፣ ግድግዳውን ይደገፉ እንጂ እያልኩ በጥፍሬ ጭቃውን ስፈቀፍቅ ቆየሁ።

«ልጄ የታለች?» የሚል የአባቴ ድምፅ ሰማሁ።

መንሾካሾኩ ባሰ።

«ትልቋ ልጄ የታለች እላለሁ!»

አክስቴ በሩ ላይ ተነስተው ቆሙ። ልገፋቸው ነበር፤ ግን ራሳቸው ፈቀቅ አሉ። ወጣሁ። ቡሆ በእጄ ላይ ደርቋል፣ ፀጉሬ ተበትኗል። ሰው መንገድ ከፈተልኝ። አባቴ ከግቢው መሀል፣ ከግድግዳው ርቀው፣ ጠመንጃውን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆመዋል። ሙሽራዋ በቅሎዋ ላይ ተሸፋፍና ትጠብቃለች።

«ነይ፣ ከኋላዬ ቁሚ» አሉኝ፤ በሹክሹክታ አይደለም፣ ዳሱ ሁሉ እንዲሰማ ነው። «ቀኝ ትከሻዬ ታሟል። ደግፊው። ይች ልጅ ጠመንጃውን አዳነችው፤ ያልዳነው እኔ ነኝ።»

 ሁለት መዳፎቼን ከጋቢያቸው ሥር አስገብቼ ትከሻቸው ላይ አሳረፍሁ። ሥጋ ፈለግሁ፤ አጥንት ነበር። ያ የተሸከመኝ ትከሻ መዳፌን እንኳ አልሞላም። እግሬን ተከልሁ፣ ክንዴን ወጠርሁ። ሲተኩሱ ምቱ በእሳቸው ውስጥ አልፎ እስከ ክርኔ መጣ፤ ቀለሁ ወደ ጎን ዘለለ፤ ቀጣዩ ገባ። ደግመው ተኮሱ። ሠለሱ። አንዱንም አልነከሰም። እልልታው ግቢውን ሞላው፤ ሰው ሙሽራዋን ከበበ፤ አንድ ሰው «ሂጅ እንጅ፣ እጇን ያዥ!» ብሎ ጮኸብኝ።

መዳፌን ላነሳ ስል አባቴ ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ እኔ ብቻ በምሰማው ድምፅ፣ «ቆይ፣ አትልቀቂኝ» አሉኝ። ክብደታቸውን ሁሉ መዳፌ ላይ ጣሉት። ሙሽራዋን ሌላ ሴት አስገባቻት። እኔ ሰው ሁሉ ዳሱ ውስጥ ገብቶ ግቢው ባዶ እስኪሆን ድረስ አባቴን ከኋላ ይዤ ቆምኩ።